የኦንላይን ነጋዴው ዓመታዊ ግብር፤ ከሰኔ 30 እስከ ጥቅምት 30

በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ አማካይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ሐምሌ በገባ ቁጥር ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች ዋነኛው «ሱቅ የለኝም፤ ታዲያ ምኑን ላስታውቅ?» የሚለው ነው፡፡ መልሱ ብዙ የሚያከራክር አይደለም፡፡ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር የጣለው በገቢ ላይ እንጂ በሱቅ ላይ አይደለም፡፡ ከንግድ ሥራ የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ሥር የሚወድቅ ሲሆን፣ ዕቃው ከመደርደሪያ ላይ ይነሳ ወይም ከመኖሪያ ቤት ሳሎን በሞተር ይላክ፣ አዋጁ ልዩነት አያደርግም፡፡ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልዕክት የሚደረግ ስምምነት ሕጋዊ ዕውቅና ስላገኘ፣ «በስልክ የተደረገ ወሬ ነው» የሚለው መከራከሪያም አቅም የለውም፡፡

እኔ የምተዳደረው የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ በመሥራት ነው፡፡ ልብስ፣ ኮስሞቲክስ፣ የሕፃናት ዕቃና የቤት ውስጥ መገልገያዎችን በኦንላይን የሚሸጡ ደንበኞች አሉኝ፡፡ የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ችግር ግብር ለመክፈል አለመፈለግ ነው ብዬ አላምንም፡፡ ዓመቱን ሙሉ በአራት የባንክ ሒሳብ፣ በቴሌብርና በሞተረኛ ኪስ ሲዞር የከረመን ገንዘብ በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ለመሰብሰብ መሞከራቸው ነው፡፡ ከዚህ በታች የማቀርበው ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በተለምዶ «ቲን» የምንለውን፣ አውጥተው የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን ዓመት ሒሳብ ለመዝጋት ለሚዘጋጁ ሰዎች ይጠቅማል የምለውን ነው፡፡

ደረጃን ማወቅ

ከስሌት በፊት ደረጃ ይቀድማል፡፡ በ2008ቱ አዋጅ ግብር ከፋዮች «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብለው በሦስት ይከፈሉ ነበር፡፡ ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ «ሀ»፣ ከ500 ሺሕ ብር ጀምሮ 1 ሚሊዮን ያልደረሰ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ «ሐ» ነበር፡፡ በሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ይህን አሠራር ለውጦ ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቷል፡፡ መነሻውም ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል፡፡ 2 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሚሸጥ ግለሰብ ነጋዴ «ሀ» ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለው «ለ» ሆኖ ግብሩ ከትርፉ ሳይሆን በቀጥታ ከሽያጩ ላይ፣ እንደ መጠኑ ከ2 እስከ 9 በመቶ ይሰላል፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ነጋዴዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፡፡ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም በመፍቀዱ፣ «ፒኤልሲ» የሚለው ስም ደንበኛና ባንክ ፊት ክብር ያሰጣል በሚል ብዙዎች ወደዚያው ሄደዋል፡፡ ይሁን እንጂ ድርጅት የሆነ ግብር ከፋይ የሽያጩ መጠን ምንም ያህል ቢያንስ ደረጃ «ሀ» ነው፡፡ በዓመት 600 ሺሕ ብር የምትሸጥ አንዲት የጌጣጌጥ ነጋዴ በግል ስሟ ብትሠራ ደረጃ «ለ» ትሆናለች፡፡ ማኅበር ካቋቋመች ግን የተሟላ የሒሳብ መዝገብ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ይጠበቅባታል፡፡ ማኅበር ማቋቋም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ የሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ አብሮ መታሰብ እንዳለበት ለመጠቆም ነው፡፡

ለደረጃ «ለ» ነጋዴ ወጪ ግብሩን አይቀንስለትም፤ የሚያሳስበው ሽያጩን በትክክል መያዝ ነው፡፡ ስለዚህ ቀጥሎ ስለ ሽያጭ የምለው ሁለቱንም የሚመለከት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በዋናነት የደረጃ «ሀ» ጉዳይ ነው፡፡

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ፣ የግለሰብ ነጋዴ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፡፡ የድርጅት የግብር ዓመት የራሱ የሒሳብ ዓመት ቢሆንም አብዛኛው የአገር ውስጥ ማኅበር ሰኔ 30 ይዘጋል፡፡ ደረጃ «ሀ» ዓመቱ ካለቀ በኋላ 4 ወር ይሰጠዋል፡፡ ሰኔ 30 ለዘጋ ሰው ቀነ ገደቡ ጥቅምት 30 ነው ማለት ነው፡፡ አራት ወር ብዙ ይመስላል፡፡ ክረምቱ፣ ጳጉሜን፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ሲቀነሱለት ግን የሚተርፈው የሥራ ቀን የሚያስገርም ነው፡፡

ሽያጩ ስንት ነው?

በሱቅ ንግድ ውስጥ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የሚወጣው ሪፖርት አብዛኛውን ነገር ይናገራል፡፡ በኦንላይን ንግድ ግን ገንዘቡ የሚገባበት በር ብዙ ነው፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድ ነጋዴ በስልኩ ብቻ በቀን ሠላሳና አርባ ክፍያ መቀበል ችሏል፡፡ በዚያ ላይ ደንበኛው «የእኔ ባንክ ይሄ ነው» ስለሚል የሦስትና የአራት ባንኮች ሒሳብ ቁጥር በገጹ ላይ ይለጠፋል፡፡ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ አንዱ የድርጅቱ ሳይሆን የባለቤቱ የግል ደመወዝ የሚገባበት ሒሳብ ሆኖ ይገኛል፡፡

ስለሆነም የመጀመሪያው ሥራ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የእያንዳንዱን ባንክና የእያንዳንዱን የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ ሙሉ መግለጫ ማውጣት ነው፡፡ ከስልክ መተግበሪያው ላይ በፎቶ የተነሳ ገጽ አይበቃም፤ ባንኩ ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ይሻላል፡፡ ከዚያም ገቢ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ እያዩ «ይህ ሽያጭ ነው፤ ይህ አይደለም» ብሎ መለየት ይከተላል፡፡ አሰልቺ ነው፡፡ ነገር ግን በምርመራ ጊዜ ኦዲተሩ የሚሠራው ይህንኑ በመሆኑ እርስዎ ቀድመው ቢሠሩት ይመረጣል፡፡

በምሳሌ ላስረዳ፡፡ አንዲት በማኅበር የተደራጀች የልብስ ነጋዴ አለች እንበል፡፡ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበች ናት፡፡ በሁሉም ሒሳቦቿ በዓመቱ የገባው ድምር 4,610,000 ብር ነው፡፡ ከዚህ ውስጥ 250,000 ብር ከአንዱ ሒሳቧ ወደ ሌላው ያዘዋወረችው፣ 120,000 ብር ከእህቷ የተበደረችው፣ 100,000 ብር ደግሞ ዕቃው አልሆነም ላሉ ደንበኞች መልሳ የላከችው ሆኖ ተገኘ፡፡ ቀሪው 4,140,000 ብር ነው፡፡ ይህ ገንዘብ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን የሚጨምር በመሆኑ ለ1.15 ሲካፈል የዓመቱ ሽያጭ 3,600,000 ብር ይሆናል፡፡ 4,610,000 ብሎ በማስታወቅና 3,600,000 ብሎ በማስታወቅ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ነው፡፡ ልዩነቱ ግን የሚያዋጣው በማስረጃ ሲደገፍ ብቻ ነው፡፡ የእህትየዋ ብድር በጽሑፍ ውል ካልተያዘ ሽያጭ አይደለም ብሎ ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል፡፡ ለደንበኛ የተመለሰውም ገንዘብ የተመለሰበት የባንክ ማስረጃና የተመላሽ ሰነድ ሊኖረው ይገባል፡፡

ዕቃ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈልበት አሠራር ለብቻው መታየት አለበት፡፡ ሞተረኛው ከደንበኛው 2,300 ብር ተቀብሎ፣ የራሱን 200 ብር ቆርጦ፣ 2,100 ብር በቴሌብር ይልካል፡፡ ነጋዴው የሚያየው 2,100 ብር ነው፡፡ በሒሳብ ዓይን ግን ገቢው 2,300 ሲሆን 200 ብሩ የማድረሻ ወጪ ነው፡፡ በሌላ በኩል ደንበኛው የማድረሻውን ዋጋ በቀጥታ ለሞተረኛው ከከፈለና ነጋዴው በመሐል ከሌለበት፣ ያ ገንዘብ የነጋዴው ገቢ አይደለም፡፡ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠሩበት በገጽዎ ላይ በግልጽ ይጻፉ፤ «ዋጋው ማድረሻን ይጨምራል» ወይም «የማድረሻ ሒሳብ ለሞተረኛው ይከፈላል» የሚለው አንድ መስመር ኋላ ላይ ማስረጃ ይሆናል፡፡

አንድ ማስተያየት ልጨምር፡፡ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሰው በየወሩ ሽያጩን አስታውቋል፡፡ የአሥራ ሁለቱ ወራት ድምር በዓመታዊ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ሽያጭ ጋር ካልገጠመ፣ የግብር ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው፡፡ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩበት በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፡፡ ምክንያቱን ግን ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አስፍሮ ከመዝገቡ ጋር ማስቀመጥ የብዙ ቀን ምልልስ ይቀንሳል፡፡

የሰኔ 30 ቆጠራ

ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ቆጠራ ነው፡፡ «ያለኝን ዕቃ በጭንቅላቴ አውቀዋለሁ» የሚል ነጋዴ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል፡፡ ያውቀው ይሆናል፤ ነገር ግን ግብር የሚሰላው ዓመቱ ሲጀመር በነበረው ዕቃ ላይ የተገዛው ተደምሮ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የቀረው ሲቀነስ በሚገኘው የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ነው፡፡ የቀረው ዕቃ ካልተቆጠረ ሌላው ቁጥር ሁሉ ግምት ይሆናል፡፡

ቆጠራው ሰኔ 30 ቀን ወይም በዚያው ሰሞን ይደረግ፡፡ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የተገዛበት ዋጋ ተጽፎ፣ የቆጠሩት ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት፡፡ ሞተረኛ ዘንድ በመንገድ ላይ ያለ፣ ደንበኛ ተቀብሎ ያልከፈለበት፣ በጓደኛ መጋዘን የተቀመጠም ይቆጠራል፡፡ የተበላሸና ጊዜው ያለፈበት ኮስሞቲክስ ካለ ዝም ተብሎ ከዝርዝሩ አይወጣም፡፡ የተወገደበት ቃለ ጉባዔ ወይም ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል፡፡

ዋጋው ደግሞ የተገዛበት እንጂ ዛሬ ገበያ ላይ የሚያወጣው አይደለም፡፡ ይህ ነጥብ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ክብደት አግኝቷል፡፡ በዚያን ዕለት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፡፡ በአሮጌው ምንዛሪ የገባ ዕቃ በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ በመዝገብ ላይ ትልቅ ትርፍ ይታያል፡፡ ነጋዴው ግን በዚያው ገንዘብ የቀድሞውን ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አይችልም፡፡ ግብሩ በመዝገቡ ትርፍ ላይ ነው፡፡ ፍትሐዊ ነው ወይ ለሚለው የራሴ አስተያየት ቢኖረኝም፣ ለግብር የሚሆነውን ገንዘብ አዲስ ዕቃ ሳይገዙበት ለይቶ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፡፡

ደረሰኝ ያለውና የሌለው

አሁን ዋናው ቁስል ወዳለበት እንሂድ፡፡ ለደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ወጪ ማለት የወጣ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የወጣና ማስረጃ ያለው ገንዘብ ነው፡፡ የኦንላይን ነጋዴ ገንዘቡን የሚያወጣባቸው ቦታዎች ደግሞ አብዛኞቹ ደረሰኝ የማያውቁ ናቸው፡፡

አንደኛው የዕቃ ግዢ ነው፡፡ ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ መግዛት በዋጋ ረከስ ይል ስለነበር ብዙዎች ለምደውታል፡፡ በኅዳር 2017 በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ጠንክሮ ሱቆች እስከ መዘጋት ሲደርሱ ጉዳዩ የአደባባይ ወሬ ሆነ እንጂ ችግሩ የቆየ ነው፡፡ ስሌቱን እንመልከት፡፡ ለማኅበር የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው፡፡ 100 ብር የተገዛ ዕቃ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ያ 100 ብር ትርፍ ተደርጎ 30 ብር ይከፈልበታል፡፡ ሻጩ «ያለ ደረሰኝ 10 ብር ልቀንስልህ» ቢል ገዢው 20 ብር ከስሯል ማለት ነው፡፡ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ገዢ ከሆነ ደግሞ ሊያቀናንሰው የሚችለውን የግዢ ታክስም አብሮ ያጣል፡፡

በሻንጣ ከዱባይ፣ ከቱርክ ወይም ከቻይና የሚመጣ ዕቃም እንዲሁ ነው፡፡ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለው ዕቃ በመዝገብ ላይ ዋጋ የለውም፡፡ ሲሸጥ ሙሉው ሽያጭ ትርፍ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የዕቃው አመጣጥ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፡፡ በሥርዓቱ ያስገባ ሰው ግን የከፈለው ቀረጥ የዕቃው ዋጋ አካል ሆኖ ይያዝለታል፡፡ ዕቃው ሲገባ በጉምሩክ የከፈለው ቅድመ ግብር ደግሞ ከዓመቱ ግብር ላይ ይቀነስለታል፡፡ ዲክላራሲዮኑ ላይ የሰፈረው ቲን የማን እንደሆነ ግን ያረጋግጡ፡፡ በአስመጪ ጓደኛ ስም የገባ ዕቃ፣ ጓደኛው ደረሰኝ ቆርጦ ካልሸጠልዎ በስተቀር የእርስዎ ወጪ አይሆንም፡፡

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው፡፡ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ማስታወቂያ ክፍያው በአብዛኛው የሚፈጸመው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ነው፡፡ ነጋዴው እዚህ ለዘመዱ ቤተሰብ በብር ይሰጣል፡፡ በመዝገብ ላይ የሚታየው ለአንድ ግለሰብ የተላለፈ ገንዘብ ብቻ ነው፡፡ ይህን ወጪ ተቀባይነት ያገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው፡፡ ለዓለም አቀፍ ክፍያ የሚሆን የአገር ውስጥ ባንክ ካርድ ማግኘት የሚችል ሰው በድርጅቱ ስም ከፍሎ ደረሰኙን በድርጅቱ ስም ማውጣት ይኖርበታል፡፡ በአገር ውስጥ ለታዋቂ የቲክቶክ ሰዎች የሚከፈለውም ውልና ደረሰኝ ያስፈልገዋል፡፡ ከፋዩ ድርጅት በመሆኑ በሕጉ ከተቀመጠው መጠን በላይ የሆነ ክፍያ ሲፈጽም ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም፡፡ ቲን ለማያቀርብ ሰው የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው፡፡ ይህ ቁጥር ሲነገራቸው ቲን የሌላቸው ሰዎች ቶሎ ሲያወጡ አይቻለሁ፡፡

ሦስተኛው ሞተረኛ ነው፡፡ ነጠላ ሞተረኛ ደረሰኝ የለውም፡፡ በየቀኑ የሚከፈለው 150 እና 200 ብር በዓመት ሲደመር ግን ከቤት ኪራይ የማይተናነስ ይሆናል፡፡ ሁለት መንገድ አለ፡፡ አንዱ ፈቃድ ካለው የማድረሻ ድርጅት ጋር ተዋውሎ በወር አንድ ደረሰኝ መቀበል ነው፡፡ ሌላው ሞተረኛውን በደመወዝ መቅጠር ነው፡፡ ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው በየወሩ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ማስገባት ይኖርበታል፡፡ በማሻሻያው አዋጅ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ይጀምራል፡፡ በየወሩ ያልታወቀ ደመወዝ በዓመቱ መጨረሻ እንደ ወጪ ቢቀርብ ክርክር ማስነሳቱ አይቀርም፡፡

ኮምፒዩተር፣ ካሜራ፣ የስቱዲዮ መብራትና የመሳሰሉት በተገዙበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ወጪ አይሆኑም፡፡ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እየታሰበላቸው ይወራረዳሉ፡፡ ቅጣት፣ የግል ፍጆታና የመዝናኛ ወጪ ደግሞ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት የላቸውም፡፡

የባለቤቱ ኪስ

በግል ስሙ የሚነግድ ሰው ለራሱ የሚወስደው ገንዘብ ደመወዝ ተብሎ ወጪ አይያዝለትም፤ ከትርፉ ላይ የወሰደው ነው፡፡ በማኅበር የሚሠራ ሥራ አስኪያጅ ግን ደመወዝ ሊኖረው ይችላል፡፡ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ከገባና የሥራ ግብሩ በየወሩ ከተከፈለ ለማኅበሩ ወጪ ይሆናል፡፡ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የቤት አስቤዛ ከድርጅቱ ሒሳብ ሲወጣ የሚይዘው መልክ ግን ሌላ ነው፡፡ እኔ ለደንበኞቼ የምመክረው ቀላል ነገር ነው፡- ለንግዱ አንድ የባንክ ሒሳብና አንድ የቴሌብር ቁጥር ለይተው ይያዙ፤ ባለቤቱ የሚፈልገውን በወር አንድ ጊዜ ወደ ግል ሒሳቡ ያዛውር፡፡ መኖሪያ ቤቱን እንደ መጋዘን የሚጠቀምም ለንግድ የዋለውን ክፍል ብቻ ለይቶ በውል ያሳይ፡፡ የሙሉ ቤቱን ኪራይ ማስገባት አያስኬድም፡፡

ስሌቱ

ወደ ልብስ ነጋዴዋ እንመለስ፡፡ ሽያጭ 3,600,000 ብር ነው፡፡ ሐምሌ 1 ላይ 400,000 ብር ዕቃ ነበራት፣ በዓመቱ 2,450,000 ብር ገዛች፣ ሰኔ 30 ላይ 550,000 ብር ቀራት፡፡ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 2,300,000 ሲሆን ያልተጣራ ትርፏ 1,300,000 ብር ነው፡፡ ወጪዎቿ ደመወዝ 420,000፣ የአሠሪ ጡረታ 46,200፣ ኪራይ 240,000፣ ማድረሻ 180,000፣ ማስታወቂያ 150,000፣ የእርጅና ቅናሽ 40,000፣ ልዩ ልዩ 63,800፣ በድምሩ 1,140,000 ብር ናቸው፡፡ የተጣራ ትርፏ 160,000 ብር፣ ግብሩም በ30 በመቶ 48,000 ብር ይሆናል ማለት ነው፡፡

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ይሳሳታል፡፡ በ2017ቱ ማሻሻያ መሠረት የሚከፈለው ግብር ከዓመቱ ሽያጭ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ ይኸው 2.5 በመቶ ይከፈላል፡፡ የ3,600,000 ብር 2.5 በመቶ 90,000 ብር በመሆኑ ነጋዴዋ የምትከፍለው 48,000 ሳይሆን 90,000 ብር ነው፡፡ ከዚህ የሚወጣው ነገር ለኦንላይን ነጋዴ በጣም አስፈላጊ ነው፡፡ ለማኅበር 2.5 በመቶው ከ30 በመቶው ጋር የሚገጥመው ትርፉ የሽያጩን 8.3 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው፡፡ ከዚያ በታች በሆነ ትርፍ ብዙ መሸጥን ስልት ያደረገ፣ ማለትም «በብዛት እሸጣለሁ፣ ትንሽ አተርፋለሁ» የሚል ነጋዴ፣ ዋጋ ሲያወጣ ይህን 2.5 በመቶ እንደ ወጪ አስቀድሞ ማስገባት አለበት፡፡ በኪሳራም ዓመት ያው ነው፡፡

አሁን ደግሞ ማስረጃ የሌለው ወጪ ምን እንደሚያደርግ እንይ፡፡ ከማድረሻው 150,000፣ ከማስታወቂያው 90,000 ብር ደረሰኝ ስለሌለው ውድቅ ተደረገ እንበል፡፡ ለግብር የሚታሰበው ትርፍ ከ160,000 ወደ 400,000 ብር ያድጋል፡፡ ግብሩም 120,000 ብር ይሆናል፡፡ በኪሷ የገባው ገንዘብ ግን አልተለወጠም፤ ከ160,000 ብር ትርፍ ላይ 120,000 ብር ግብር ከፍላ 40,000 ብር ይዛ ትወጣለች፡፡

በግል ስሙ ለሚሠራ የደረጃ «ሀ» ነጋዴ ምጣኔው ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ነው፡፡ በማሻሻያው መሠረት እስከ 24,000 ብር ያለው ዓመታዊ ትርፍ ነፃ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ እስከ 48,000 ብር 15፣ እስከ 84,000 ብር 20፣ እስከ 120,000 ብር 25፣ እስከ 168,000 ብር 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ይከፈላል፡፡ ትርፉ 400,000 ብር ቢሆን ግብሩ 115,400 ብር ይመጣል፡፡

ከተገኘው ግብር ላይ አስቀድሞ የተከፈለው ይቀነሳል፡፡ ለድርጅቶች የሠራተኛ ስጦታ ወይም የደንብ ልብስ የሸጠ ነጋዴ ገዢው ግብር ቀንሶ አስቀርቶበት ይሆናል፡፡ የዚህን ደረሰኝ በዓመቱ መጨረሻ ለመሰብሰብ ከመሯሯጥ ይልቅ ክፍያው በተፈጸመ ዕለት መቀበል ይሻላል፡፡ የገዢው ድርጅት ሒሳብ ክፍል በጥቅምት ወር የእርስዎን ስልክ ለማንሳት ጊዜ የለውም፤ እሱም የራሱን ሒሳብ እየዘጋ ነው፡፡ ስምዎና ቲንዎ በትክክል መጻፉንም እዚያው ያረጋግጡ፡፡

ማስታወቅና ከዚያ በኋላ

ማስታወቂያው በኤሌክትሮኒክ መንገድም ሆነ በአካል ቢቀርብ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫውና የሀብትና ዕዳ መግለጫው አብረውት ይሄዳሉ፡፡ የሒሳብ ባለሙያ ቢያዘጋጀውም ኃላፊነቱ የግብር ከፋዩ በመሆኑ ሳያነቡ አይፈርሙ፡፡ ቢያንስ ሦስት ቁጥሮች ይመልከቱ፡- ሽያጩ ከወርኃዊ ማስታወቂያዎች ጋር መግጠሙን፣ የመጨረሻው የዕቃ ዋጋ ከተፈረመው ቆጠራ ጋር አንድ መሆኑን፣ በባንክ ያለው ቀሪ ሒሳብ ከሰኔ 30 የባንክ መግለጫ ጋር መስማማቱን፡፡ «ኪሳራ አድርገህ ሥራልኝ» ተብሎ የተሠራ ሒሳብ ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው በእነዚህ በሦስቱ ነው፡፡

ገንዘብ የሌለው ሰውም ቢሆን በቀኑ ያስታውቅ፡፡ አለማስታወቅና አለመክፈል በሕጉ የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፡፡ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለዘገየ ማስታወቂያ ካልተከፈለው ግብር ከ5 በመቶ ጀምሮ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት ደንግጓል፤ ለዘገየ ክፍያ ደግሞ ሌላ ቅጣትና ወለድ አለው፡፡ የሒሳብ መዝገብ አለመያዝ ለብቻው ከግብሩ 20 በመቶ ያስቀጣል፡፡ ከዚህም የከፋው መዝገቡ ከሌለ ወይም ውድቅ ከተደረገ መሥሪያ ቤቱ በግምት ይወስናል፤ ግምቱን ማፍረስ ደግሞ መዝገብ ከመያዝ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፡፡

ከተከፈለ በኋላ የማስታወቂያው ቅጂና የክፍያው ደረሰኝ ለንግድ ፈቃድ እድሳት የሚያስፈልገውን የግብር ክሊራንስ ለማግኘት ይጠቅማሉ፡፡ ደረሰኞቹን፣ የቆጠራ ወረቀቶቹንና የባንክ መግለጫዎቹን በወር በወር አስሮ በሕጉ እስከተወሰነው ጊዜ ድረስ ማቆየት ያስፈልጋል፡፡ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ወረቀት በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ ፎቶ ኮፒ አድርገው ከዋናው ጋር አያይዘው ያስቀምጡት፡፡ የቴሌግራም ትዕዛዞችም የስልኩ ማኅደረ ትውስታ ሲሞላ እንዳይጠፉ በየወሩ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጡ፡፡